ከገዳም ወጥ ቤት የተማርኩት

ጃፓናዊው መነኩሴ ዶገን በ1223 እ.ኤ.አ. የቡድሃን ትምህርት ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ቻይና ደረሰ። ገና ከመርከቡ ሳይርቅ የ61 ዓመት አዛውንት እንጉዳይ ሊገዙ መጡ፤ የአንድ ገዳም ወጥ ቤት ነበሩ። በዚህ ዕድሜዎ ተቀምጠው እንደማሰላሰል ስለ ምን በማብሰል ይደክማሉ ቢላቸው፣ ስቀው ልምምድ ምን እንደሆነ ገና እንዳልገባው ነገሩት። በኋላም በቲያንቶንግ ገዳም ሌላ ሽማግሌ ወጥ ቤት በጠራራ ፀሐይ እንጉዳይ ሲያሰጡ አገኘ። ለምን ረዳት አያዙም ሲላቸው፣ ሌላው ሰው እኔ አይደለም አሉት። ፀሐዩ እስኪበርድስ ቢላቸው፣ ታዲያ የትኛውን ጊዜ ልጠብቅ ብለው መለሱለት።

ይህ መልስ ልቤን ያዘው። ቤተሰብ የማበላ ሰው ነኝ፤ ለብቻዬ የምቀመጥበት ክፍልም ትርፍ ሰዓትም የለኝም። ስለዚህ ከማድቤት ጀመርኩ።

ዶገን በ1237 ለገዳም ወጥ ቤቶች በጻፈው መመሪያ፣ ሩዝ ሲታጠብ አሸዋው በጥንቃቄ እንዲለቀም፣ አንዲት ፍሬም እንዳትባክን ያዛል። በእኛ ቤት ያው ሥራ ምስር መልቀም ነው። ሬዲዮ ዘግቼ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ፣ ምስሩን በሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጌ እዘረጋለሁ። ሐሳቤ ወደ ነገ ሲሮጥ ሳልቆጣው ወደ ጣቶቼ እመልሰዋለሁ።

ከባዱ ግን ይህ አይደለም። ተራ ቅጠል ስታበስል አትናቅ፣ ምርጥ ነገር ሲገጥምህም በተለየ አትትጋ ይላል መመሪያው፤ የሚሠራበትን ነገር እያየ ልቡን የሚለዋውጥ፣ ሰው እያየ ንግግሩን ከሚለዋውጥ አይለይም። ስለዚህ ለበዓል ዶሮ ወጥ የማደርገውን ትዕግሥት ለረቡዕ ጎመን ለመስጠት ተነሣሁ። ሽንኩርቱን ሳልቸኩል አቁላላለሁ፤ ለእንግዳ የተቀመጠውን ሰሃን ለልጆቼ አወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ለአለቃዬና ለጥበቃው የምሰጠው ሰላምታ እንደሚለያይ በግልጽ ታየኝ። አሁን ጥበቃውንም ቆሜ፣ ዓይኑን እያየሁ፣ ቤተሰቡን ጠይቄ አልፋለሁ። ከሁሉም የምወደው ፍሬ ይህ ነው።

ቡድሂስት አልሆንኩም፤ ረቡዕና ዓርብ የምጾም የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። በእኛ ገዳማትም ቢሆን ሥራ ከጸሎት ተነጥሎ አያውቅም።

ያንኑ ልምምድ ወደ ግዕዝ ትምህርቴ ወስጄዋለሁ። የአማርኛውን ትርጉም ከማየቴ በፊት እያንዳንዱን ግስ ራሴ እፈታለሁ፤ ያልፈታሁትን አስምሬበት ለመምህሬ አቀርባለሁ። በዚህ አካሄድ ቀስ እላለሁ፤ ገና መዝሙረ ዳዊት ላይ ነኝ።