ጳጉሜን ያረምኩ ሰው

አራት የጫማ ካርቶን ነው የመጣልን። ውስጡ ደብዳቤና ፎቶ ነው። የካርቶኖቹ ባለቤት ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሴት ሐኪሞች አንዷ ነበሩ። ቤተሰቡ ስላልፈቀደ ስማቸውን አልጠራም። ደብዳቤዎቹን የጻፉት እንግሊዝ አገር ሕክምና ሲማሩ ነው። አዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ በፊት ዶክተር ልሁን ያለ ባሕር መሻገር ነበረበት።

የእኛ የመዛግብት ሠራተኞች ሥራ የታወቀ ነው። የዛገውን ስፒል መንቀል፣ አቧራውን በብሩሽ ማራገፍ፣ የታጠፈውን መዘርጋት፣ እያንዳንዱን አሲድ በሌለው ወረቀት አቅፎ መመዝገብ። ፎቶዎቹ ያ ሙጫ ያለው አልበም ላይ ተጣብቀው ነበር። በጥርስ ክር ሁለት ሳምንት ፈጁብኝ። እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ደብዳቤ አናነብም። አናቱን አይተን ቀኑን፣ ግርጌውን አይተን ስሙን እንመዘግባለን። የሰው ጓዳ ነው። ደግሞም የሐኪም ጽሑፍ ነው፤ ላንብብህ ቢሉትስ መቼ ይነበባል?

ቀኑ በቁጥር ነው የተጻፈው። 10/5/53። ኮምፒዩተሩ ላይ ሳስገባው ሠንጠረዡ ራሱ «ሜይ 10፣ 1953» አደረገልኝ። ቀጥ ብሎ ገባ። ሁሉም ቀጥ ብሎ ገባ። አንዱ ብቻ እምቢ አለ። 4/13/54። ኮምፒዩተሩ አልቀበልም አለ። እኔም ሳቅ አልኩ። «ሥራ በዝቶባቸው ተሳስተው ነው» ብዬ 13ቱን 12 አደረግኩት። በማስታወሻው ላይም «የጸሐፊዋ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ይህን የጻፈው እጅ ይኸው ይህ እጅ ነው።

አንድ ቀን የዶክተሯ ታናሽ እህት ሥራውን ሊያዩ መጡ። ሰማንያ ያለፋቸው ናቸው። ነጠላ፣ ከዘራ፣ በገመድ የታሰረ መነጽር። ወንበር አቀረብኩላቸውና የመጀመሪያውን አቃፊ በኩራት ከፈትኩ።

«ይኼ ምንድን ነው የሚለው?»

«1953፣ እማማ። በፈረንጅ።»

ዝም አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልጄ፣ በፈረንጅ 53 እህቴ የእቴጌ መነን ተማሪ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ትመጣለች። እንግሊዝ አገር ማን ወሰዳት?»

መልስ አልነበረኝም። ደብዳቤውን ተቀብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ዶክተሯ ተኩሱን በሬዲዮ እንደሰሙ፣ ቤታቸው ለገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቅርብ ስለሆነ እንቅልፍ እንዳጡ፣ ሁሉም ደህና መሆኑን በቶሎ እንዲጽፉላቸው ይለምናሉ። የታኅሣሡ ግርግር ነው። የክብር ዘበኛው፣ የነመንግሥቱ ንዋይ። 10/5/53 ማለት ጥር 10 ቀን 1953 ነበር፤ በፈረንጅ 1961። «አባባ እኛን አልጋ ሥር ከተውን ራሳቸው በመስኮት ያዩ ነበር» አሉ እማማ፣ ለእኔ ሳይሆን ለደብዳቤው።

እና 13ኛው ወር? እሱን እንኳ አልጠየቁኝም። ራሴ ነኝ አቃፊውን በቀስታ ያወጣሁት። ጳጉሜ 4። የእንቁጣጣሽ ደብዳቤ ነው። ከአሥራ ሦስት ወር አገር ተወልጄ፣ በጳጉሜ ከዘመዶቼ ጋር ጠበል እየተጠመቅኩ ያደግኩ ሰው፣ ጳጉሜን አርሜያለሁ።

ደግነቱ በእርሳስ ነው የምጽፈው። አንድ ባልደረባ «በእስክሪብቶ ጻፈው እንጂ፣ እርሳስማ ይጠፋል» እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር። የሱ ድርሻ ፎቶዎቹ ነበሩ። ቀን ያልተጻፈባቸውን ከደብዳቤዎቹ ጋር እያመሳሰለ ጀርባቸው ላይ ጻፈ። በእስክሪብቶ። ጫን አድርጎ። እኔ በላጲስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የሱዎቹ ዛሬም 1953 ይላሉ፤ በፊት ለፊትም በኩል ጎልቶ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ጠንቃቃ ሆንኩ። ቁጥር ባየሁ ቁጥር ወደ እኛ ዘመን። ዶክተሯ ነጭ ካፖርት ለብሰው ሆስፒታል ደጃፍ የቆሙበት ፎቶ ጀርባው ላይ «62» ይላል። 1962 ዓ.ም. ብዬ አስቀመጥኩት። እማማ በሁለተኛው ጉብኝታቸው አነሱት።

«ይኼኛው ደግሞ የፈረንጅ ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«በእኛ 62 እዚህ ናት። አግብታለች፣ ወልዳለች። እንዲህ ቀጭን አልነበረችም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ከፋኝ። የፖስታ ማኅተም ቢኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እንግሊዞች ማኅተሙ ላይ ቀኑን ያትማሉ። የኛዎቹ ፖስታዎች ግን ሁሉም ቀኝ ጥጋቸው በመቀስ ተቆርጧል፣ ከነቴምብሩ፣ ከነማኅተሙ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ «እማማ፣ እነዚህን ማን ቆረጣቸው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ንግሥቲቱ እንዴት ታምር ነበር መሰለህ። አልበሙ ቤት አለ። ላምጣልህ?»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማኅተም በማኅተም እየገጣጠምኩ አደርኩ፣ በሐሳቤ።

ሰኞ አመጡት። በሙቅ ውኃ ነክረው ወረቀቱን ልጠውለታል። ቴምብሮቹ ንጹህ ናቸው። ከማኅተሙ ቴምብሩ ላይ የቀረው ጥቁር ቅስት ብቻ ነው፣ ቀኑ ከተላጠው ወረቀት ጋር ሄዷል።

«በምን ደረደሯቸው?» አልኩ፣ እንደው ምናልባት።

«በቀለማቸው።»