ከካሚቻው የተረፈው

ልጁ መጀመሪያ ያመጣው ሞተሩን ሳይሆን ፒስተኖቹን ነበር። ዱባይ ለሚመላለስ ሰው ልኮ ያስገዛቸው አራት ፎርጅድ (ተቀጥቅጠው የተሠሩ) ፒስተኖች እንደ ዕንቁላል አንድ በአንድ ስፖንጅ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ካርቶኑ ላይ 82.00 ሚ.ሜ ይላል። ብሎኩ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል፣ በማግስቱ በሚኒባስ ተጭኖ መጣ። ሆንዳ ቢ18ሲ ነው፤ ሙሉ አሉሚኒየም፣ ውስጡ ደግሞ አሉሚኒየሙ ዙሪያውን የፈሰሰበት ቀጭን የብረት ካሚቻ፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት እጅጌ፣ ያለው። የፋብሪካ ቦሩ (የሲሊንደሩ ስፋት) 81 ሚ.ሜ፣ ስትሮኩ (ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው) 87.2 ሚ.ሜ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ሚሊ ብቻ ነው የሚሰፋልኝ» አለኝ። ለራሊ የሚያዘጋጃት መኪና ነበረችው። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ማታ እሷን ሲነካካ የሚያመሽ፣ ያገኘውን ሁሉ እሷ ላይ የሚያፈስ ልጅ ነው።

ለእኔ አንድ ሚሊ ምንም አልነበረም። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሲሊንደር ወደምናሰፋበት ወርክሾፓችን የሚመጣው አብዛኛው ሥራ የጭነትና የሕዝብ መኪና ነው። አይሱዙ፣ ሃይሉክስ፣ 94 ሚ.ሜ ቦር ያለው የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ፣ ሁሉም የብረት ብሎክ ናቸው። 0.25 ሲያልቅ 0.50፣ እሱም ሲያልቅ 1.00 ሚ.ሜ ኦቨርሳይዝ (ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ) ፒስተን ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ካሚቻ ይመታበታል። ለዓመታት እጄ የለመደው ይህንን ነው። የብረት ብሎክ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ አንድ ሚሊ ሲቀነስበት ብዙም አይጎዳም።

በዚያን ቀን ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልናገር። ማይክሮሜትርና ቦር ጌጅ (የሲሊንደር ውስጥ ስፋት መለኪያ) አወጣሁ፤ አራቱንም ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ለካሁ። እያንዳንዱን ፒስተን ለካሁ። የክፍተቱን መጠን ከፒስተኑ ጋር ከመጣው ወረቀት አነበብኩ። የሚቆረጠውን እስከ መቶኛ ሚሊ አውቀዋለሁ። ከቆረጥኩ በኋላ የሚተርፈውን የካሚቻ ውፍረት ግን አልለካሁም፤ ለመለካትም አላሰብኩም። ማሽኑን ያማከልኩት ደግሞ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት) በበላው የላይኛው ክፍል ነው። ፋሻ አንዱን ጎን ከሌላው ይበልጥ ስለሚበላ፣ እዚያ ላይ ያማከለ ሰው ማዕከሉን ወደ ተበላው ጎን ይጎትታል። ያልተበላውን የታችኛውን ጫፍ መያዝ ነበረብኝ። ይህንን አውቃለሁ፤ በብረት ብሎክ ላይ ጉዳቱ ስለማይታይ ግን ቸል ማለት ለምጄ ነበር።

ቦሪንጉ (ማስፋቱ) አምሮ ወጣ፣ ሆኒንጉም (ማለስለሱም) አምሮ ወጣ። ልጁ ጣቱን አስገብቶ ሲዳስሰው ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ አሁንም አይረሳኝም።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ለሙከራ መተሃራ ደርሶ ሲመለስ ነው። በስልክ የነገረኝ እንዲህ ነው፦ ወለንጪቲ ሊደርስ ሲል ሙቀቱ ወጣ፤ ቆሞ አበረደውና ውኃ ሞላበት። ሲያስነሳው ከኋላ ነጭ ጭስ ለቀቀ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ውኃው ይፍለቀለቃል። መተሃራ ከ1,000 ሜትር ከፍታ በታች ናት፤ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ። መንገዱ በቆላ ሙቀት ውስጥ ሽቅብ የሚያስጋልብ ነው፤ ደካማ ነገር ያለበትን ሞተር ያጋልጣል።

መጀመሪያ ጓርኒሲዮን፣ በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ነው ብለን ነበር። ቴስታታውን (ብሎኩን ከላይ የሚከድነውን ክፍል) አነሳን፤ ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ ግን ፒስተኑ በፍንዳታ ጊዜ በሚገፋው ጎን ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ከላይ ወደ ታች ወርዷል። በጥፍር ሲነካ ያዝ ያደርጋል። በኬሮሲን ጠርገን ጠመኔ ቀባንበት፤ መስመሩ ረጥቦ ወጣ። ካሚቻው ተሰንጥቋል። በዙሪያው ያለው የአሉሚኒየም ሽፋንም አብሮት ተከፍቶ ውኃ አሳልፏል።

የወርክሾፑ ካፖ (አለቃችን) ሽማግሌ ናቸው። ከጣሊያኖች ጋር ከሠሩ ሰዎች ሥራ የተማሩ ናቸው። ብሎኩን በእጅ ባትሪ አይተው ሲያበቁ አልተቆጡኝም። «ስንት ተረፈው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከስንጥቁ ይልቅ ያሳፈረኝ ይህ ነው።

ልጁን አስፈቅጄ ሦስተኛውን ሲሊንደር በመጋዝ ቆረጥኩት። ቁራጩን ከአሉሚኒየሙ አላቅቄ በኳስ ጫፍ ማይክሮሜትር ለካሁ። በተሰነጠቀው ጎን 1.4 ሚ.ሜ፣ በተቃራኒው ጎን 2.3 ሚ.ሜ። የቆረጥኩትን ግማሽ ግማሽ ሚሊ ስመልስለት፣ ከመቁረጤ በፊት አንዱ ጎን 1.9፣ ሌላው 2.8 ገደማ ነበር ማለት ነው። ፋብሪካው ውስጥ አሉሚኒየሙ ሲፈስ ካሚቻው ትንሽ ከማዕከሉ ይሸሻል፤ ከዚያ ውስጡ ክብ ሆኖ ሲቆረጥ ስህተቱ ከውስጥ አይታይም። ቦር ጌጅ ፍጹም ክብ ነው ይልሃል፤ ከጀርባው ያለው ብረት ግን አንድ ጎኑ ወፍራም፣ አንድ ጎኑ ስስ ነው። በዚህ ላይ የኔ ማማከል ቀጭኑን ጎን ይበልጥ አሳሳው።

የዚህ ሞተር አሠራርም አለበት። ኦፕን ዴክ ነው፤ ሲሊንደሮቹ በላይኛው ጫፋቸው ከብሎኩ የውጭ ግድግዳ ጋር አልተያያዙም፣ ውኃ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ቆመዋል። ለማቀዝቀዝ ጥሩ ነው። ለጉልበት ግን ፒስተኑ በገፋ ቁጥር ጫፉን የሚደግፈው የራሱ ውፍረት ብቻ ነው።

ለምን ያህል ጥቅም እንደሆነ በኋላ አስልቼ አሳየሁት። 81 ሚ.ሜ ሲሆን ሞተሩ 1,797 ሲሲ ነው። በ82 ሚ.ሜ 1,842 ይሆናል። 45 ሲሲ፣ ከመቶ ሁለት ተኩል። ልጁ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየውና «ለዚህ ነው?» አለ። ድምፁ የተቆጣ አልነበረም፤ ብቻ ዝግ ብሎ ነው የጠየቀኝ። የሠራተኛ ዋጋውን መለስንለት። ሌላ ብሎክ ፍለጋም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ አብሬው ሄድኩ፤ ያንን ማድረግ ዕዳዬ ነበር።

አዲሱን ብሎክ ከመንካቴ በፊት ውፍረት መለኪያ ፈለግሁ። አንድ የማውቀው ሰው ፋብሪካ ውስጥ የቧንቧና የቦይለር ግድግዳ በአልትራሳውንድ ይለካል፤ ለአንድ ቅዳሜ አዋሰኝ። ድምፅ ልኮ ከብረቱ ጀርባ ተመትቶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። እዚህ ላይ ሁለተኛ ስህተት ልሠራ ነበር። መሣሪያው ለቧንቧ ብረት ተስተካክሎ ነው የመጣው፤ በዚያ ብረት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 5,900 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ካሚቻ የሚሠራበት ግራጫ ቀልጦ ብረት ውስጥ ግን ፍጥነቱ ያንሳል፤ እንደ ብረቱ ዓይነትም ይለያያል። ፍጥነቱን ሳያስተካክል የለካ ሰው ካለው በላይ ወፍራም ያነባል።

ይህንን ያወቅሁት በተሰነጠቀው ካሚቻ ቁራጭ ነው። ትንሿን መመርመሪያ ግሪስ ቀብቼ 1.4 በሆነው ጎን ላይ ሳስቀምጣት መሣሪያው 1.8 አለኝ። በወፍራሙ ጎን ለ2.3ቱ 2.9 አለኝ። ቁጥሩ እስኪስማማ ድረስ ፍጥነቱን ወደ 4,600 አወረድኩት። እጄ ላይ ያ ቁራጭ ባይኖር ኖሮ፣ ውሸታም ቁጥር ይዤ በልበ ሙሉነት ሌላ ብሎክ እቆርጥ ነበር። እርግጥ የሁለት ሞተር ካሚቻ ብረቱ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ይህ ብሎክ ግን ያው ዓይነት ሞተር ስለሆነ ቁራጩ ጥሩ መመዘኛ ሆነልኝ።

ከዚያ ለካን፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ስምንት አቅጣጫ፣ በሦስት ከፍታ። ልጁ ራሱ በጠመኔ ብሎኩ ላይ ይጽፋል፣ እኔ አነባለሁ። 2.7፣ 2.6፣ 2.5 እያለ ሄደ። ሁለተኛው ሲሊንደር በሚገፋው ጎን 2.3 ላይ ወረደ። ደጋግመን አየነው፤ 2.3 ነው። እኔ ለእንዲህ ዓይነት ሞተር በቀጭኑ ቦታ ከ2 ሚ.ሜ በታች አልተውም ብዬ ወስኛለሁ። ይህ የመጽሐፍ ቁጥር አይደለም፤ ከዚያ ስንጥቅ በኋላ ለራሴ ያወጣሁት ወሰን ነው፤ ተርቦ ላለበት ሞተር ከዚህም በላይ እፈልጋለሁ። 82 ብናደርገው 1.8 ይቀራል፤ አይሆንም። 81.5 ብናደርገው 2.05 ይቀራል። 1,820 ሲሲ ገደማ ይሆናል።

የቀረው ሥራ ከፊተኛው ብዙ ጊዜ ወሰደ። 45 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የብረት ሰሌዳ ቶርኖ ቤት አስቆርጠን የሲሊንደሮቹን ቀዳዳ አስከፈትንበት። እሱን ከጓርኒሲዮን ጋር በራሱ በሞተሩ ቡሎን፣ በፋብሪካው ጥብቀት በብሎኩ ላይ አሰርነው። ቴስታታ ሲታሰር አሉሚኒየም ብሎክ ይጨነቃል፤ ባዶውን ሳለ ክብ የነበረ ቀዳዳ ሲታሰር ክብነቱን ያጣል። ሰሌዳውን አስረን ስንለካ አንዱ ሲሊንደር በ4 መቶኛ ሚሊ ሞላላ ሆኖ አገኘሁት። የፊተኛው ብሎክም እንዲሁ ሆኖ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ግን ባዶውን ቆርጬ፣ ባዶውን በሆኒንግ ጨርሼ፣ ባዶውን ለክቼ አስረከብኩት። አሁን ከ81.5 በፊት 7 መቶኛ ትቼ ቀሪውን ሰሌዳው እንደታሰረ በሆኒንግ ጨረስኩት።

መለካቱንም ወደ ጠዋት አዛወርኩት። የወርክሾፓችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ውስጡ ምድጃ ይሆናል። ብረት በ81 ሚ.ሜ ላይ ለ20 ዲግሪ ሙቀት 2 መቶኛ ሚሊ ገደማ ይሰፋል፤ አሉሚኒየም የዚያን እጥፍ። ከታጠበ በኋላ ሞቅ ያለ ብሎክ ላይ የሚወሰድ ልኬት የፒስተኑን ክፍተት ያዛባል። ብሎኩም ማይክሮሜትሩም አንድ ጠረጴዛ ላይ አድረው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው የምለካቸው።

በእርግጥ 82 የሚፈልግ ሰው መንገድ አለው። የድሮውን ካሚቻ አውጥቶ ወፍራም ካሚቻ ማስገባት ነው። እሱም የራሱ ሒሳብ አለው። የአሉሚኒየም መስፋት የብረትን እጥፍ ስለሆነ፣ 85 ሚ.ሜ የሆነ ቀዳዳ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ 0.14 ሚ.ሜ ይሰፋል፤ ካሚቻው ግን 0.065 ብቻ። በብርድ ጊዜ 7 መቶኛ አጥብቀህ ያስገባኸው ካሚቻ ሞተሩ ሲሞቅ ጥብቀቱ ሊጠፋበት ይደርሳል። ካሚቻው ከአሉሚኒየሙ ይበልጥ ስለሚሞቅ ጥቂት ይካካሳል፣ ግን አይታመንም። ስለዚህ ከላይ ቴስታታው የሚጫነው ከንፈር ያለው ካሚቻ ያስፈልጋል፤ ከታችም ተረከዙን የሚያሳርፍበት ደረጃ። አለበለዚያ ካሚቻው በሙቀት ይላላና ወደ ታች ይሰምጣል። ለዚህ ሥራ የሚበቃ መሣሪያ አሁን የለንም፤ ለልጁም እንዲሁ ብዬ ነገርኩት።

ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልጨምር፤ አሉሚኒየም ብሎክ ሁሉ የብረት ካሚቻ የለውም። የቶዮታ 2ዜድዜድ እና የሆንዳ ኤች22 ግድግዳቸው ከአሉሚኒየም ጋር የተዋሐደ ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ብረት ካሚቻ ቦር አድርገን ተራ ፒስተን ብንከትበት ሞተሩ ያልቃል። ብሎክ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ማግኔት ሲሊንደሩ ውስጥ አስጠጋለሁ። አልይዝም ካለኝ ሥራውን አልጀምርም።

ልጁ የ81.5 ፒስተኖቹን አዝዞ እስኪመጡ ሁለት ወር ጠበቀ። ሞተሩን የገጠመ ዕለት ብሎኩ ላይ የጠመኔው ቁጥር ገና አልጠፋም ነበር፤ «2.3» ያለበትን ቦታ ሳይጠርግ አለፈው። የ82ቱን ካርቶን መደርደሪያችን ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ባለፈው ወር አንድ ሌላ ሰው ያው ዓይነት ብሎክ ይዞ መጥቶ ካርቶኑን አየና ዋጋ ጠየቀኝ። የተሰነጠቀውን ቁራጭ ከመሳቢያ አውጥቼ አሳየሁትና መጀመሪያ የብሎኩን ውፍረት እንድንለካ ነገርኩት።