የመሐል ተከላካይ ሲጎዳ፦ አንድ የአዳማ ጨዋታ ያሳየው

በ23ኛው ደቂቃ የግራ መሐል ተከላካዩ ከጀርባው ለተጣለ ኳስ ለመድረስ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ድንገት ፍጥነቱን ቆርጦ የግራ ታፋውን ከኋላ ያዘ። የነካው ሰው አልነበረም። ኳሱን ግብ ጠባቂው ወጥቶ ወደ ውጭ ጠለዘው። በሩጫ ላይ ያለ ተጫዋች ማንም ሳይነካው ታፋውን ከኋላ ከያዘ፣ ወጌሻው ቦርሳውን ሳይከፍት ተቀያሪው ማሟሟቅ መጀመር አለበት። የኋላ ታፋ ጡንቻ በሩጫ ላይ በአብዛኛው የሚጎዳው እንዲህ ነው፤ እግር ወደፊት ተወርውሮ መሬት ሊነካ ሲል ጡንቻው እየተለጠጠ ሳለ እግሩን ለመግታት ሲኮማተር።

ጨዋታው አዳማ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት የተጀመረ የሊግ ጨዋታ ነው። ባለሜዳው ቡድን አሰላለፉ 4-3-3 (አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) ሲሆን የተጎዳው ተጫዋች አምበሉ ነው፤ ግራ እግር፣ በቁመትም ከቡድኑ ቀዳሚ። በተቀያሪነት መቀመጥ የነበረበት ሦስተኛው የመሐል ተከላካይ በቅጣት የለም። ተቀያሪ ወንበር ላይ ግብ ጠባቂ፣ በሁለቱም መስመር መጫወት የሚችል አንድ ቀኝ እግር የመስመር ተከላካይ፣ ሁለት አማካዮችና ሁለት የክንፍ ተጫዋቾች ተቀምጠዋል። የቀኝ መስመር ተከላካዩ በ16ኛው ደቂቃ ቢጫ አይቷል። እነዚህን ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የአምበሉን ግራ እግርነት፣ ወንበር ላይ ያለውን ብቸኛ ተከላካይና የቀኙን ቢጫ ካርድ፣ አንባቢ ልብ ይበላቸው፤ ውሳኔው ሁሉ በእነሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አምበሉ "ደህና ነኝ፣ ልሞክረው" አለ። እንዲህ የማይል አምበል የለም። በሕጉ መሠረት ሜዳ ውስጥ ሕክምና የተደረገለት ተጫዋች፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ መውጣት አለበት፤ የሚመለሰውም ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ዳኛው ሲፈቅድለት ነው። ስለዚህ ቡድኑ ለጊዜው በ10 ሰው ቀረ፤ ተከላካይ አማካዩም ወደ ኋላ ወርዶ የአምበሉን ቦታ ሸፈነ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። 10 ሰው ሲቀር መሐሉን መሙላትና ክንፉን መልቀቅ የተለመደ ነው፤ በዚያ ሰዓት ዋናው ሥራ ኳሱን ከራስ ጎል ርቆ ወደ ውጭ ማውጣት ነው፤ ተቀያሪ የሚገባው ኳስ ሲቆም ብቻ ነውና።

ወጌሻው ከመስመር ውጭ አምበሉን በደረቱ አስተኝቶ ጉልበቱን እንዲያጥፍ አደረገውና በእጁ ተቋቋመው፤ ልጁ ፊቱን አጨማደደ። በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ቀጥ አድርጎ ሲያነሳው ደግሞ የግራው ከቀኙ በግልጽ ያነሰ ከፍታ ላይ አመመው። "ኮች፣ አይሆንም፤ አይቀጥልም" አለ። ምርመራው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አልበለጠም። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ መጠነኛ ጥብቀት ያለው ፋሻ፣ እግሩ ከፍ ብሎ። ማሸት የለም፤ እየሳቡ "ማፍታታት"ም የለም። በየሜዳው ታፋ ሲያሹና ሲስቡ የሚታዩ ሰዎች ገና የተቀደደ ጡንቻ ላይ ደም መፍሰስን ይጨምራሉ እንጂ የሚያተርፉት የለም።

ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ ነው ቡድኑን ያስከፈለው። አሰልጣኙ ተከላካይ አማካዩ ወርዶ ሁለት ደቂቃ በደህና ሲጫወት አየና እዚያው ተወው። ጊዜያዊው መፍትሔ ቋሚ ሆነ። የእሱን ቦታ ለመሙላት የቀኝ መሐል አማካዩ ወደ ኋላ መጣ፤ የእሱን ለመሙላት የቀኝ ክንፉ ወደ መሐል ገባ፤ የክንፉን ለመሙላት ደግሞ አንድ የክንፍ ተጫዋች ከወንበር ተነስቶ ገባ። አንድ ሰው ተጎድቶ ሦስት ሰው ቦታ ቀየረ፣ አንድ አዲስ ገባ። ከግብ ጠባቂው ውጭ ካሉት 10 ተጫዋቾች አራቱ በማያውቁት ወይም ባልሞቁበት ቦታ ላይ ናቸው ማለት ነው።

የመስመር ተከላካዩ ለምን አልገባም? ወንበር ላይ የቀረው ተከላካይ እሱ ብቻ ስለሆነ "ለክፉ ቀን" ተቆጠበ። ይህ በአሰልጣኞች ዘንድ በጣም የተለመደ አስተሳሰብ ነው፤ ክፉው ቀን ግን በ23ኛው ደቂቃ ደርሶ ነበር። የተፈራው ነገር ከመጣ በኋላ መጠባበቂያን ለሌላ ለሚፈራ ነገር መቆጠብ ቡድኑን በሁለት በኩል ያሳጣዋል፤ ያለው ክፍተት አይደፈንም፣ የሚፈራው ሌላ ነገርም ላይመጣ ይችላል።

አዳማ ባይሆን ኖሮ ስህተቱ ይህን ያህል ባልጎላ ነበር። የአዳማን ንፋስ የማያውቅ ቡድን ከተማዋ ዳርቻ የቆሙትን ተርባይኖች አይቶ ሊገምት ይችላል፤ የአዳማ 1 የንፋስ ኃይል ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ 2 ደግሞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። በመጀመሪያው አጋማሽ ባለሜዳው የሚጫወተው ንፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነበር። ንፋስን ተቃርኖ ሲጫወቱ ግብ ጠባቂው የሚጠልዘው ኳስ የመሐል መስመሩን ሳያልፍ አየር ላይ ይቆምና ቁልቁል ይወርዳል፤ አንዳንዴም ወደ ራስ ሜዳ ይመለሳል። ሁለተኛ ኳስ፣ ማለትም በግንባር ተገጭቶ የሚወድቀው ኳስ፣ የሚያርፈው ደግሞ ከተከላካዮቹ ፊት ከ10 እስከ 15 ሜትር ባለው ቦታ ላይ ነው። ያ የተከላካይ አማካዩ ግቢ ነው። ንፋስ በሚነፍስበት አጋማሽ ከዚያ ቦታ የለመደውን ሰው ማንሳት ማለት ኳስ ከሚበዛበት ቦታ ኳስ የሚለቅመውን ሰው ማንሳት ማለት ነው። ከ25ኛው እስከ 34ኛው ደቂቃ ተጋጣሚው ሁለተኛ ኳሶችን እያገኘ ሦስት የማዕዘን ምት አገኘ።

ጎሉ የገባው ከሦስተኛው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ከአሰላለፉ የበለጠ የጎዳው ይህ ነበርና።

ቡድኑ የማዕዘን ምት የሚከላከለው በድብልቅ ነው፤ ሦስት ሰው በ5.5 ሜትሩ የግብ ክልል መስመር ላይ ዞን ይይዛል (ሰው ሳይከተል ቦታ ይጠብቃል)፣ አራቱ ሰው በሰው ይይዛሉ፣ ሁለቱ ከሳጥኑ ጫፍ የሚመለሰውን ኳስ ይጠብቃሉ፣ አንዱ ፊት ይቀራል። አምበሉ የዞኑ የመጀመሪያ ሰው ነበር፤ በቅርቡ ቋሚ፣ ማለትም ኳሱ ለሚመታበት ማዕዘን በሚቀርበው የጎል ቋሚ፣ በኩል ቆሞ ዝቅ ብሎ የሚመጣውን ኳስ ሁሉ ቀድሞ የሚገጭ። በቆመ ኳስ ጊዜ ማን ምን እንደሚሠራ በተጻፈበት የቡድኑ ወረቀት ላይ ያለው ደንብ "የገባ ተቀያሪ የወጣውን ሰው ሥራ ይይዛል" ይላል። በአምበሉ ምትክ የገባው ደግሞ ከቡድኑ ሁሉ አጭሩ የክንፍ ተጫዋች ነው። ምክትል አሰልጣኙ ከመስመር አጠገብ የነገረው የት እንደሚሰለፍ ብቻ ነበር፤ "አንተ ቀኝ ክንፍ፣ መስመሩን ይዘህ ቁም" ብሎ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ አስገባው። ልጁም ደንቡን አክብሮ ቅርቡ ቋሚ ላይ ቆመ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት የማዕዘን ምቶች ወደ ሩቁ ቋሚ ተሻገሩ። በሦስተኛው የተጋጣሚ ምክትል አሰልጣኝ ከወንበር ተነስቶ በእጁ ቅርቡን ቋሚ አሳየ። ኳሱ ወደ ጎል እየታጠፈ መጣ፤ ንፋሱም ከኋላ ገፋው። ግብ ጠባቂው ከራሱ ላይ እንዳያልፍ ሰግቶ መስመሩ ላይ ቀረ። አጥቂው ከአጭሩ ልጅ ፊት ገብቶ በግንባሩ አስቆጠረ። ልጁን የሚወቅስ ሰው ካለ ወረቀቱን ያላየ ነው።

ተጫዋች ሲወጣ ብዙ ሰው ባዶ የሚሆነውን ቦታ ብቻ ያያል። አምበሉ ግን ከቦታው ሌላ ስድስት ሥራ ይዞ ወጥቷል። የቅርቡን ቋሚ፤ የተከላካይ መስመሩን "ውጡ!" እያለ ወደፊት የሚያስወጣውን ድምፅ፤ በግራ እግሩ ወደ ቀኝ ክንፍ የሚያሻግረውን ረጅም ኳስ፤ በቅጣት ምት ጊዜ የግንቡን የመጀመሪያ ቦታ፤ ቡድኑ ራሱ የማዕዘን ምት ሲያገኝ የሩቁን ቋሚ ዒላማነት፤ ከዳኛ ጋር መነጋገርን። ከነዚህ ውስጥ በ25ኛው ደቂቃ ለሌላ የተላለፈው የክንዱ ጨርቅ ብቻ ነበር፤ እሱም ለግብ ጠባቂው ተሰጠ፤ 50 ሜትር ርቆ ዳኛ እንዲያነጋግር።

በእረፍት ሰዓት የተስተካከለው እንዲህ ነው። ተከላካይ አማካዩ ወደ ቦታው፣ የቀኝ መሐል አማካዩ ወደ ቦታው፣ የቀኝ ክንፉም ወደ ቀኝ ተመለሱ። ግራ እግር የሆነው የግራ መስመር ተከላካይ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ የግራ መሐል ተከላካይ ሆነ። የተቆጠበው የመስመር ተከላካይ ግራ መስመር ላይ ገባ። ለእሱ ቦታ የግራ ክንፉ ወጣና ቀደም ብሎ የገባው አጭሩ ልጅ ወደ ግራ ክንፍ ተሻገረ፤ ገና 20 ደቂቃ የተጫወተን ልጅ መልሶ ማስወጣት ለቡድኑም ለልጁም አይበጅም። የቀኝ መስመር ተከላካዩን ወደ መሐል ማስገባትም ይቻል ነበር፤ ቢጫ ያለበትን ሰው ግን የመጨረሻ ተከላካይ ማድረግ አንድ የዘገየ ሸርተቴ ቡድኑን ለ10 ሰው እንዲዳርግ መፍቀድ ነው።

በሂሳብ ሲታይ ለአንድ ጉዳት ሁለት ቅያሪ ጠፋ። ከ5ቱ 3 ቀሩ። ደግነቱ ቅያሪ የሚደረግባቸው አጋጣሚዎች 3 ሲሆኑ የእረፍቱ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ገና ሁለት አጋጣሚ በእጅ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ጉዳት የደረሰበት ቡድን ይህን ማስታወስ አለበት፤ መጀመሪያ የግድ የሆነውን ብቻ ማድረግ፣ የቀረውን ለእረፍት ማቆየት።

ከመስመር ወደ መሐል የገባ ተከላካይ የቆየ ልማዱን ይዞ ይገባል፤ ክንፍ ተጫዋች ባየ ቁጥር እየተከተለ ወደ ጠርዝ ይሄዳል፣ መሐሉም ይከፈታል። ስለዚህ አንድ ቀላል ወሰን ተሰጠው፦ ከፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ስፋት፣ ማለትም ከ40.32 ሜትሩ፣ አትውጣ፤ ከዚያ ውጭ ያለው የመስመር ተከላካዩ ነው። የአየር ኳስ ፍልሚያውና "ውጡ!" የሚለው ድምፅ ለቀኙ መሐል ተከላካይ ተሰጠ፤ አዲሱ ከእሱ ከ3 እስከ 5 ሜትር ወደ ኋላ ቀርቶ ይሸፍናል። ግራ መስመር ላይ የገባው ቀኝ እግር ስለሆነ ኳስ ሲቀበል ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ጫና የሚያደርግ ተጋጣሚ ይህን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያነባል። ስለዚህ ግብ ጠባቂው የግብ ምት ሁሉ በቀኝ እንዲጀምር ተነገረው። ቅርቡን ቋሚ ተከላካይ አማካዩ ያዘ፤ አጭሩ ልጅ ከሳጥኑ ጫፍ ቆመ። የአምበልነቱን ጨርቅ የቀኙ መሐል ተከላካይ አሰረ።

በሁለተኛው አጋማሽ ንፋሱ ከጀርባ ሆነ። ተጋጣሚው አራት የማዕዘን ምት አግኝቶ አንዱም ጎል አልሆነም፤ ሁለቱን በቅርቡ ቋሚ ተከላካይ አማካዩ ገጭቶ አወጣቸው። ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ፤ የአቻነቷ ጎል የመጣችው ከተጋጣሚ ግብ ጠባቂ ስህተት ስለሆነ የቅያሪው ውጤት ነው ብሎ መፎከር አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ የቡድኑ የቆመ ኳስ ወረቀት ተቀይሯል። "የገባ የወጣውን ሥራ ይይዛል" የሚለው ተሰርዞ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ሁለት ስም ተጽፏል፤ ሁለተኛው ሰው ከመጀመሪያ 11 ውስጥ ያለ እንጂ ከወንበር የሚመጣ አይደለም። ተቀያሪ ሲገባ ምክትሉ ወረቀቱን ያሳየዋል፤ አራተኛው ዳኛ ጫማና መጋጫውን እያየ ሳለ ለዚህ በቂ ጊዜ አለ። ሐሙስ ልምምድ ላይ ደግሞ በ11 ለ11 መሐል አሰልጣኙ ሳይናገር አንድ ሰው ያስወጣል። ቡድኑ ሁለት ደቂቃ በ10 ይጫወታል፣ ከዚያ ተቀያሪ ይገባል፣ ወዲያው የማዕዘን ምት ይመታበታል። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ሰዎች አንድ ቋሚ ላይ ሲሰበሰቡ ሌላው ባዶ ይቀር ነበር።

አምበሉ ቀላል የሚባል ጉዳት ቢሆንለት በሁለት ሦስት ሳምንት ይመለስ ነበር፤ የእሱ ግን መካከለኛ ሆኖ ተገኘ፤ ወር አልፎትም ሊሄድ ይችላል። ቀኑ ብቻውን አይመልሰውም። ታፋው ሲነካ የማያምመው፣ ቀጥ ብሎ የሚነሳው እግሩ ከቀኙ እኩል ሲሆን፣ ጉልበት ሲታጠፍ ያለው ኃይል ሲመጣጠን፣ ከዚያም ሩጫውን ከግማሽ ፍጥነት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ ሙሉ ፍጥነት አድርሶ በማግስቱ ካላመመው ወደ ሙሉ ልምምድ ይገባል። ይህ ጡንቻ በብዛት ዳግም የሚጎዳው በተመለሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ አምበሉ በሚመለስበት ጨዋታ ወንበር ላይ አንድ የመሐል ተከላካይ የግድ ይቀመጣል፤ ከ50ኛው ደቂቃ ጀምሮም እያሟሟቀ ይቆያል።