ሌሊት ቢመጣስ?

ዛሬ ክትትል ሄጄ አዋላጇ ሆዴን ለክታ ስታበቃ፣ «ሌሊት ምጥ ቢመጣ በምን ትመጫለሽ? ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጥሻል?» አለችኝ። እኔ ከታይዋን ገበያ ካልሲና ሹራብ ስሰበስብ ነው የከረምኩት። (በድሬ ሙቀት ሹራብ! የአማቴ ትእዛዝ ነው።)

ስመለስ ለባጃጁ ልጅ አወራሁት። ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር አቆመና ስልኬን ተቀብሎ ቁጥሩን «ባጃጅ ምጥ» ብሎ መዘገበልኝ። «አብሽሪ እህቴ፣ ሌሊትም ስልኬ አይጠፋም። ደሜም ኦ ፖዘቲቭ ነው» አለኝ፣ ሂሳቡን እየቆጠረ።

በወሊድ ጊዜ እናቶችን በዋናነት የሚገድለው የደም መፍሰስ ነው። ስለ ገንፎው ግን ሰፈሩ በሙሉ መክሮኛል፣ ስለ ደም ያነሳልኝ የለም። ባለቤቴ የደም ዓይነቱን እንኳ አያውቅም። መርፌ ይፈራል፤ ቢሆንም ነገ ጠዋት ይመረመራታል!