ዋና ገጸ ባሕርዬ የጎደለውን ያገኘሁት ከእድር መዝገብ ነው

የልቦለዴን 3ኛ ረቂቅ ባለፈው ሳምንት ስለጨረስሁ፣ እንደኔ በመጻፍ ላይ ላላችሁ ወዳጆቼ የደረስሁበትን ላካፍላችሁ። 1ኛው ረቂቅ ታሪኩን አስጨበጠኝ፤ 2ኛው ትርፍ ቃላትን አስለቀመኝ።

ያስቸገረኝ ዋናው ገጸ ባሕርይ ነበር። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ወደ ከተማው ዳር የሄደ ሰው ነው። ረቂቁን ያነበቡልኝ ሰዎች «ያሳዝናል፤ ግን ምን እንደሚፈልግ አልገባንም» አሉኝ። ቁመቱንና የሚወደውን ቀለም ሳይቀር የሚጠይቅ ረጅም ቅጽ ሞላሁለት፤ ለአንድ መስመር የሚሆን ነገር ስላላገኘሁበት ይህን ዘዴ ለማንም አልመክርም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር አብርሃም ማስሎው ስለ ሰው ልጅ ፍላጎቶች በ1943 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ከምግብና ከደኅንነት ቀጥሎ ወገን ማግኘትንና መወደድን፣ ከዚያም መከበርን አስቀምጧል። ሁለቱን ለይቶ ማየቱ በእጅጉ ጠቀመኝ። ቅደም ተከተሉን ግን በልቦለድ ውስጥ እንደ ሕግ መያዝ አይገባም፤ ማስሎው ራሱም የማይናወጥ ነው አላለም፤ በሰፈራችንም ከጉሮሯቸው ቀንሰው የእድር መዋጮ የሚከፍሉ እናቶች አሉ።

ቀድሞ በየምዕራፉ «ብቸኝነት ተሰማው» እያልሁ እጽፍ ነበር። አሁን ቃሉ የለም። ሰውየው እሑድ ጠዋት በሁለት ታክሲ ተሳፍሮ፣ ጊዮርጊስ አቅራቢያ ወደሚሰበሰበው የድሮ እድሩ ይመጣል። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጠው ስም ሲጠሩ ከእርሱ በፊት ያለው ይጠራል፤ ከእርሱ በኋላ ያለውም ይጠራል፤ የእርሱ ስም ግን ይዘለላል። አዲስ ሰፈር ሌላ እድር የገባ መስሏቸው ሰርዘውታል። መዋጮውን በመዳፉ እንደጨበጠ ቆሞ ይቀራል። መከበሩን ደግሞ በአንዲት ባልቴት በኩል አሳየሁ፤ የጻፈላቸውን ማመልከቻ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይሄዱና፣ ከቀናት በኋላ ተመልሰው «ልጄ፣ ዳኛው ያንተን ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡት» ይሉታል።

ዓላማውን ግን እስካሁን አላገኘሁለትም። የተበተኑትን የእድሩን አባላት መልሶ እንዲያሰባስብ አድርጌ 2 ምዕራፍ ጻፍሁ፤ ደጋግሜ ሳነበው ምኞቱ የእርሱ ሳይሆን ሰፈሬ የናፈቀኝ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱንም ምዕራፎች አውጥቻለሁ፤ ሰውየው አሁን ጃንጥላው ሥር ተቀምጧል፤ ያልተቀበሉት መዋጮ በደረት ኪሱ ነው።