«በሞቴ፣ ዛሬ የእኔ ነው!»

አዲስ አበባ ውስጥ ምሳ በልተው የጨረሱ ሁለት ወዳጆችን ከሩቅ የተመለከተ እንግዳ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጓተቱ ሲያይ አንዱ የሌላውን ገንዘብ የካደ ሳይመስለው አይቀርም። ነገሩ ግን ሒሳብ መክፈል ብቻ ነው። አስተናጋጇ ብቅ ስትል አንደኛው ብሩን መዳፏ ውስጥ ሊያስገባ ይታገላል፣ ሌላኛው ክንዷን ይዞ «የእሱን ከተቀበልሽ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም!» ይላታል፤ ምንም ያላጠፋችው ልጅ በመሐላና በዛቻ መካከል ቆማ ትቀራለች።

ከሁሉም የማደንቀው «እጄን ታጥቤ ልምጣ» ብሎ ተነሥቶ፣ በዚያው ካሸሯ ዘንድ ጎራ በማለት ነገሩን በጸጥታ ጨርሶ የሚመለሰውን ነው። በአንጻሩ እጁ ቶሎ ኪሱ ውስጥ ገብቶ መውጫው የሚጠፋበትም አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ሰው እፎይ ብሏል፤ ድሮ ቦርሳውን ቤት ይረሳ የነበረው ዛሬ ስልኩን ከፍ ዝቅ እያደረገ «ኔትወርኩ እምቢ አለኝ እኮ» ቢል ማንም ሊመረምረው አይችልም።

የምግብ ቤቱ ግብግብ ግን ከሚኒባስ ታክሲው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የሚከፈለው አብሮን ለመጣ ሰው ሳይሆን እግረ መንገዱን ለተገናኘ ሁሉ ነው። ሰላምታ ብቻ የሚለዋወጡ የአንድ ሰፈር ሰዎች በአንድ ታክሲ ሲገጣጠሙ፣ ረዳቱ «ሒሳብ!» እያለ እስኪያልፍ ድረስ ሁለቱም በመስኮት የሚታየውን ሕንፃ ያጠናሉ። ሁለቱም ለየራሳቸው ከከፈሉ በኋላ ነው «አንተ! እዚህ ነበርክ እንዴ?» የሚባለው።

በቅርቡ ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የነበረው ጎልማሳ ግን እንዲህ ዓይነቱን ብልጠት አያውቅም ነበር። ከኋላ ወንበር ሆኖ በር አጠገብ ወደተቀመጠችው ሴት እየጠቆመ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «የእሷንም ቁረጥ!» አለ። ሴትየዋ ዞር ብላ ለረጅም ጊዜ አየችውና «ይቅርታ፣ እንተዋወቃለን?» ስትል፣ እርሱም ስሕተቱ ስለገባው በድንጋጤ «አይ፣ ሰው መስለሽኝ ነው» ብሎ መለሰላት።

«ታዲያ ምን ሆኜ አገኘኸኝ?» አለችው።

ጋቢና የተቀመጡት ሳይቀሩ ሳቁ። ብሩን እንዳያስመልስ ነውር ነው፣ እርሷም እንዳትከፍል ረዳቱ «ተከፍሏል እናቴ» ብሎ መልሱን ቆጥሮ ወደ ኋላ አሳልፏል። እንግዲህ ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ ቢያደርግልን ሁላችንም በተገላገልን ነበር፤ እርሱ ግን በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ ቀጣዩን ይጠባበቅ ነበር። ጎልማሳው እስከ ፒያሳ የሁለት ሰው ከፍሎ ሳለ፣ ቀበና ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደ።