ቀይ እስክሪብቶ በተናደደ እጅ

ዛሬ ጠዋት ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ከረዳቱ ጋር በአምስት ብር መልስ ተጨቃጨቅሁ። ገንዘቡ ኢምንት ቢሆንም፣ በተሳፋሪ ፊት የተሰነዘረብኝ ቃል እስከ ትምህርት ቤት ድረስ አብሮኝ ሄደ፤ በዚያው ስሜት ተቀምጬም የተማሪዎቼን ድርሰት ማረም ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ ልቤ ረግቶ (ምሳ መብላቴም ሳይረዳኝ አልቀረም) ወረቀቶቹን ደግሜ ሳነብ፣ ጠዋት በግዴለሽነት እንደተጻፈ የቆጠርኩት የአንዲት ተማሪ ድርሰት፣ የእጅ ጽሑፉ ቢዝረከረክም ሐሳቡ የጠለቀ ሆኖ አገኘሁት። ከ20 የሰጠኋትን 9 ወደ 14 ከፍ አደረግሁት። ያሳፈረኝ የቁጥሩ ልዩነት ሳይሆን፣ ጠዋት ለፍርዴ ቅንጣት ታህል አለመጠራጠሬ ነው፤ ንዴቴ ፈጽሞ አልታየኝም፣ የታየኝ ደካማ ድርሰት ብቻ ነበር።

ኖርበርት ሽዋርዝና ጄራልድ ክሎር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ በሕይወታቸው ምን ያህል እንደሚረኩ በስልክ ከተጠየቁ ሰዎች መካከል በዝናብ ቀን የተጠየቁት በፀሐይ ቀን ከተጠየቁት ያነሰ እርካታ ገልጸዋል፤ ጠያቂው አስቀድሞ ስለ አየሩ ሁኔታ ሲያነሳ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። ስሜቱ ከየት እንደመጣ ሲታወቅ፣ በማይመለከተው ጉዳይ ላይ የነበረው ሥልጣን ቀነሰ ማለት ነው።

ያልታረሙ አሥራ ሰባት ወረቀቶች ይቀሩኛል። ነገ እስክሪብቶውን ከማንሳቴ በፊት፣ ምን እንደተሰማኝና መነሻው ምን እንደሆነ በማስታወሻዬ አንድ መስመር ለመጻፍ አስቤአለሁ። ረዳቱም ምናልባት ከእኔ በፊት ከተራ አስከባሪ ጋር ተጣልቶ ይሆናል።